መጥፎ ዘፈንም ልምምድ ይፈልጋል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ዓይነት ፊልም ዙሪያ ናቸው፦ ባንድ መሥርተው፣ አንድ ነጠላ ዜማ ይዘው፣ ዝና ፍለጋ ስለሚንከራተቱ ወጣቶች የሚተርክ አስቂኝ ፊልም። ስለ ቀልድ አጻጻፍ የጠየቁን ጥቂቶች ናቸው፤ የሚበዙት የተቸገሩት በድምፁ ነው። አልተሳሳቱም። እንዲህ ያለ ፊልም ሲወድቅ ጥፋቱ ከቀልዱ ይልቅ ከሙዚቃው ላይ ይገኛል። የመሰንቆው ደጋን ቆሞ ድምፁ ሲቀጥል ያየ ተመልካች መሳቁን ትቶ ስህተት መልቀም ይጀምራል።

ጥያቄ፦ የፊልማችን ልጆች መጀመሪያ ላይ መጫወት አይችሉም። ተዋንያኑን «እንዳሻችሁ አበላሹት» ብለን ቀረጽን። ለሰው ስናሳይ ማንም አልሳቀም፤ እንዲያውም ድምፁን ቀንሱልን ተባልን። ምን አጠፋን?
(የድራማ ክበብ አባላት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሁሉም በአንዴ ሲያበላሽ የሚሰማው ጫጫታ ነው። ጫጫታ ለአምስት ሰከንድ ያስገርማል፣ ከዚያ በኋላ ጆሮ ያደክማል። ሰው የሚስቀው ዜማው ወዴት ሊሄድ እንደነበር ገብቶት ሳለ አንዱ ልጅ ብቻ ከመንገድ ሲያስወጣው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዘፈኑን በደንብ ሠርታችሁ ጨርሱት። በሜትሮኖም (ምት ጠባቂ)፣ እያንዳንዱ መሣሪያ በየራሱ ትራክ (ለብቻው በተያዘ መስመር) ይቀረጽ። ከዚያ አንዱን ትራክ አውጡና በተበላሸው ተኩት።

የትኛው ይበላሽ ለሚለው መልሱ ያለው ከገጸ ባሕርያቱ ጠባይ ውስጥ ነው። የሚፈራው ልጅ ክራር የሚመታ ከሆነ ከሌሎቹ ግማሽ ምት ወደ ኋላ ይቅር፤ ሌሎቹ ሲመቱ እያየ ነዋ የሚመታው። ድራም የሚመታው ችኩል ከሆነ ደግሞ አሠራሩ ይለያል፦ እሱ ሲፈጥን ሌሎቹም ሳያውቁት ይከተሉታልና ሙሉው ባንድ አብሮ መፋጠን አለበት። በቀረጻ ሶፍትዌሩ የሜትሮኖሙን ፍጥነት በደቂቃ ከ100 ምት አስነሥታችሁ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቀስ እያለ 125 እንዲደርስ አድርጉትና ሁሉም በዚያ ላይ ይጫወቱ። ድምፃዊቷ ቃላቱን መጨረስ ሲያቅታት፣ ቤዝ ጊታር የያዘው ዞሮ ድራሙን ሲያፈጥበት፣ ሳቁ ያኔ ይመጣል።

ድምፅ ማዛባት ደግሞ ልክ አለው። ግማሽ ድምፅ (በኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ አጎራባቹ ያለው ርቀት) በ100 ሴንት ይከፈላል። እስከ 10 ሴንት መውረዱን ከሙዚቀኛ በቀር የሚያስተውለው ጥቂት ነው፤ ሙሉ 100 ከወረደ ሌላ ኖታ ይሆንና «ዜማው እንዲህ ነው መሰለኝ» ይባላል። ጥርስ የሚያፋጨው ከ30 እስከ 50 ሴንት ያለው ነው። በሶፍትዌር ሙሉውን መስመር ወደ ታች ማውረድ ግን አይመከርም፤ እኩል ስለሚወርድ የማሽን ሥራነቱ ያስታውቃል። መዝፈን የማይችል ሰው ሁልጊዜ አይስትም፤ ዝቅ ባለው ቦታ በትክክል ያርፍና ከፍ ሲል ይጎድልበታል። ይህን አስመስሎ የሚዘፍንላችሁ ጎበዝ ድምፃዊ ፈልጉ። ጎበዝ ያልነው ሆን ብሎ የሚስተው መንገዱን የሚያውቀው ብቻ ስለሆነ ነው።

ከእኛው ሙዚቃ የሚወጣና ብዙም ያልተነካ ቀልድ ደግሞ ቅኝቱ ውስጥ አለ። ክራሩ በትዝታ ሜጀር ይቃኝ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ድምፃዊው በትዝታ ማይነር ይዝፈን፤ እዚያ ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። ሦስቱ ድምፆች ይስማማሉ፣ ሁለቱ ይጋጫሉ። ስለዚህ ዘፈኑ ደህና ይሄድ ይሄድና ሚ ወይም ላ ላይ በደረሰ ቁጥር የሁሉም ፊት ይጨማደዳል። ግጥሙን የሚጽፈው ሰው «ውዴ» ወይም «እማማ» የሚለውን ቃል ልክ እዚያ ላይ ካሳረፈው ቀልዱ ራሱን ይጽፋል። ክራረኛው ስህተቱ ገብቶት መድረክ ላይ ሁለቱን ክሮች ሊያወርድ ሲታገል፣ አስተዋዋቂው ደግሞ «አሁንም አንድ ጊዜ በጭብጨባ!» እያለ ሲያራዝም ሌላ ትዕይንት ይወጣችኋል።

ርዝመቱን በተመለከተ፣ የተበላሸው ክፍል ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ይብቃው። ካለቀ በኋላ ሦስት ሰከንድ ያህል ምንም አይሰማ፤ ማጀቢያም አትጨምሩበት። ከዚያ አንድ ሰው ሲያስል።

ጥያቄ፦ ዋናው ዘፈን በፊልሙ ውስጥ ስንት ጊዜ ቢሰማ ይሻላል? አቀናባሪያችን «ሰው ይሰለቸዋል» ይላል፤ ዳይሬክተሩ «ካልተደጋገመ አይለመድም» ይላል።
(ሙሉ ስም ያልጻፉ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። የሚያስማማቸው፣ ዘፈኑ በመጣ ቁጥር የተለየ ሆኖ መምጣቱ ነው። መጀመሪያ ሰርቪስ ቤት ውስጥ በክራርና በተገለበጠ ጀሪካን፤ አዝማቹ ገና አልተጻፈም፣ «ላላላ» ይባልበታል። ቀጥሎ ሰርግ ድንኳን ውስጥ፣ ሞንታርቦው ሲንጫጫ፣ ሚዜዎች ሌላ ዘፈን እየጠየቁ። ከዚያ ታክሲ ውስጥ፣ ረዳቱ ሳያውቀው ሲያንጎራጉረው። መጨረሻ ላይ ሙሉ ባንድ። ሙሉውን ዘፈን ያለማቋረጥ የምታሰሙት አንዴ ብቻ፣ እዚያ መጨረሻ ላይ ይሁን። የቀረው ሁሉ ከ40 ሰከንድ አይለፍ። እያንዳንዱ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይሻሻል፤ ድራመኛው ፍጥነቱን ያዝ ሲያደርግ ተመልካቹ ማደጋቸውን በጆሮው ይሰማል፣ «ለመድን እኮ» የሚል ንግግር መጻፍ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ሙዚቀኛ ወስደን ትወና እናስተምር ወይስ ተዋናይ ወስደን ሙዚቃ?
(የፊልም ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ቡድኑ በብዛት መድረክ ላይ የሚታይ ከሆነ ሙዚቀኛ ይውሰዱ። አለን ፓርከር በ1991 እ.ኤ.አ. ስለ ደብሊን ወጣቶች ባንድ «ዘ ኮሚትመንትስ»ን ሲሠራ የመረጣቸው ብዙዎቹ የትወና ልምድ እምብዛም የሌላቸው ሙዚቀኞች ነበሩ፤ መሪ ድምፃዊው አንድሩ ስትሮንግ ያኔ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ወጣት ሙዚቀኛ ወጣት ሙዚቀኛን ሲጫወት ራሱን ስለሚጫወት መሳደቡም መኩራራቱም አይከብደውም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጎበዝ ሙዚቀኛ በካሜራ ፊት መጥፎ መጫወት ያሳፍረዋል። «ሰው ይህን አይቶ ሥራ ይከለክለኛል» ይላል። ከፈረመ በኋላ ሳይሆን ከመፈረሙ በፊት ይንገሩት።

ተዋናይ ከወሰዱ፣ በካሜራ 40 ሰከንድ ክራር እንዲይዝ ብቻ ለማድረግ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት፣ ስድስት ሳምንት ያስፈልግዎታል። የሚስተዋለው የቀኝ እጁ አይደለም፤ መምታት በሁለት ቀን ይለመዳል። ክራር በመግረፍ ስልት ሲመታ የግራ እጅ ጣቶች መሰማት የሌለባቸውን ክሮች እየነኩ ያፍናሉ፤ የማይፈለገው ይታፈናል፣ የሚፈለገው ይለቀቃል። የግራ ጣቶች በድን ሆነው ከታዩ ክራር የሚያውቅ ሁሉ ወዲያው ይነቃል። መሰንቆ ከዚህም ይከብዳል። አንድ ክር ቢሆንም፣ ደጋኑ አቅጣጫ የሚቀይርበት ቅጽበት ከድምፁ ጋር ካልገጠመ ከአሥር ሜትር ርቀት ይታያል። መሰንቆ ለማያውቅ ተዋናይ አትስጡ፤ መስጠት ግድ ከሆነ ፊቱንና ትከሻውን ቅረጹ፣ እጁን ከአስተማሪው ተበደሩ። ተመሳሳይ ሸሚዝ ሁለት ግዙ፤ እጅጌውም ይመሳሰል፣ የጥፍሩም ርዝመት።

ኪቦርድ ላይ ደግሞ የተለመደው ስህተት ሁለት እጅ ሲንቀሳቀስ አንድ እጅ ብቻ መሰማቱ ነው። ጊታሩ ላይ ገመድ መሰካቱን አትርሱ።

ጥያቄ፦ የክሊፕ ዓይነት ትዕይንት ቀርጸን ኤዲቲንግ ስንገባ ከንፈሩ ከዘፈኑ አይገጥምም። መጀመሪያ ላይ ይገጥምና ወደ መጨረሻ ይሸሻል። ሁለተኛው ትዕይንት ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ እኩል ዘግይቷል። በብሉቱዝ ስፒከር ነው ያጫወትነው።
(ሦስት ጓደኛሞች፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ሁለት የተለያየ በሽታ ነው ያላችሁ።

እየሸሸ የሚሄደው የፍጥነት ጉዳይ ነው። ካሜራው በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቀርጾ ኤዲቲንጉ 25 ላይ ከተከፈተና ሶፍትዌሩ ምስሉን አፍጥኖ ካስተካከለው የ4 በመቶ ልዩነት ይመጣል፤ በሦስት ደቂቃ ዘፈን ላይ ከ7 ሰከንድ ይበልጣል፣ ይህ ወዲያው ያስታውቃል። ተንኮለኛው 23.976 እና 24 ሲቀላቀሉ ነው፤ በሦስት ደቂቃ የሚፈጠረው ልዩነት 0.18 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ግማሽ ዘፈን ድረስ ልክ ይመስላል። እኛ አገር መብራቱ 50 ኸርዝ ስለሆነ ሁሉም ካሜራ 25 ፍሬም፣ ሸተር (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ይሁን። የምሽት ክበብ መብራት ሲርገበገብ የሚታየውም በዚሁ ይቀንሳል። ርካሽ ኤልኢዲ መብራት ግን በዚህም ላይታረም ስለሚችል ከቀረጻው ቀን በፊት በዚያው ካሜራ ሞክሩት።

ሌላው የመሸሽ ምክንያት የዘፈኑ ፋይል ነው። የቪድዮ ድምፅ ልኬት (በሰከንድ የሚወሰደው የድምፅ ናሙና ብዛት) 48 ኪሎኸርዝ ነው። በ44.1 የተዘጋጀ ዘፈን ሳይለወጥ እንደ 48 ከተነበበ 8.8 በመቶ ይፈጥናል፣ ድምፁም በአንድ ግማሽ ድምፅ ተኩል ገደማ ይቀጥናል። ድምፃዊው «የኔ ድምፅ አይደለም» ካላችሁ እመኑት። ከስቱዲዮው 48 ኪሎኸርዝ ዌቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) ጠይቁ። ኤምፒስሪ አታጫውቱ፤ መነሻው ላይ ትንሽ ባዶ ስለሚጨምር በኋላ ከዌቩ ጋር አይገጥምም።

እኩል የዘገየው ግን የብሉቱዙ ሥራ ነው። ብሉቱዝ ከ100 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ያዘገያል። በ25 ፍሬም እያንዳንዱ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ልዩነቱ ከሁለት ፍሬም ተኩል እስከ ስድስት ይደርሳል። ካሜራው ድምፁን በሽቦ ከስልኩ ወስዶ ተዋናዩ ከስፒከሩ ከሰማ፣ ሁለቱ አይገናኙም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በሽቦ ያጫውቱ፣ ካሜራውም በራሱ ማይክ ተዋናዩ የሚሰማውን ይስማ። የቀረጻችሁትን ለማዳን ምስሉን በሙሉ አንድ ላይ ፍሬም በፍሬም ወደ ዘፈኑ መነሻ አቅጣጫ (ወደ ግራ) ሳቡት፤ እኩል የዘገየ ነገር በዚህ ይድናል። «በ»፣ «ፐ» እና «መ» ላይ ከንፈር ስለሚገጥም መለኪያችሁ እነሱ ይሁኑ።

ሞንታርቦውን ከተጫዋቾቹ አጠገብ አስቀምጡ። ድምፅ 14 ሜትር ለመጓዝ አንድ ፍሬም ያህል ጊዜ ይወስድበታል፤ በትልቅ አዳራሽ በሌላኛው ጥግ ተቀምጦ 28 ሜትር ርቆ ከተጫወተ ድራመኛው ሁለት ፍሬም ይዘገያል።

ፋይሉን ስታዘጋጁ ከዘፈኑ በፊት ስምንት የሜትሮኖም ምት ይግባ። በተጨማሪ ከሁለተኛው ስንኝ፣ ከአዝማቹ፣ ከመጨረሻው የሚነሡ የተቆራረጡ ፋይሎች አዘጋጁ፤ እያንዳንዱ የራሱ ስምንት ምት ይኑረው። ያለዚያ አንድ መስመር ለመድገም በእያንዳንዱ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ትጠብቃላችሁ፣ ሠላሳ ጊዜ ስትደግሙ አንድ ሰዓት ጠፋ ማለት ነው። ድምፃዊው ከንፈሩን ብቻ እንዳያንቀሳቅስ፣ በእውነት ጮክ ብሎ ይዝፈን። አንገቱና ደረቱ ካልሠሩ ካሜራ ያጋልጠዋል።

ስሎ ሞሽን ካማራችሁ፦ በ50 ፍሬም ቀርጻችሁ በ25 የምታሳዩ ከሆነ ዘፈኑን በቀረጻው ላይ በእጥፍ ፍጥነት አጫውቱት። ተዋናዩ እንደ እብድ ይዘፍናል፣ በስክሪኑ ላይ ግን ከንፈሩ ይገጥማል፣ ፀጉሩ ደግሞ ይንሳፈፋል።

ጥያቄ፦ ሁለት ሰዎች የምሽት ክበብ ውስጥ እያወሩ ከኋላ ባንዱ ይጫወታል። ንግግሩን እንዴት እንቅረጽ?
(ኤ. ወ.፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ባንዱ ድምፅ አያሰማ። ሙዚቃውን አሥር ሰከንድ አጫውተው ዳንሰኞቹ ምቱን ሲይዙ ያጥፉት፤ ከዚያ በዝምታ ይደንሱ፣ ተዋንያኑ ብቻ ያውሩ። ምቱ እንዳይጠፋቸው ከፈለጉ ከ40 ኸርዝ በታች የሆነ «ዱም፣ ዱም» ብቻ ያለው ትራክ በሰብዉፈር ይልቀቁ (ትንሽ ስፒከር ይህን ማውጣት አይችልም)፤ በኤዲቲንግ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ሲቆርጡት ምቱ ጠፍቶ ንግግሩ ይቀራል። ድራም ላይ ስፖንጅ ያንጥፉ፣ ዱላዎቹን በጨርቅ ይጠቅልሉ፣ ዳንሰኞቹ ካልሲ ያድርጉ።

ብዙ ሰው የሚረሳው፣ ተዋንያኑ ሙዚቃ እንዳለ ሆነው መጮህ እንዳለባቸው ነው። በጸጥታ ስለሚቀረጹ ድምፃቸው ወዲያው ይቀንሳል፤ በኋላ ሙዚቃው ሲገባ በሹክሹክታ የሚግባቡ ይመስላሉ። ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት ሙዚቃውን ለአምስት ሰከንድ ያሰሟቸው።

የቤቱን ፍሪጅ ያጥፉ፣ ጉምጉምታው ቀረጻው ውስጥ ይገባል፤ ማብራቱን እንዳይረሱ የመኪናዎን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ ያስቀምጡ። ሳያበሩት ወደ ቤት መሄድ አይችሉም።

ጥያቄ፦ ልጆቹ አዝማሪ ቤት ገብተው የሚዋረዱበት ትዕይንት ጽፌያለሁ። ግጥሙ ግን አላሳቀም። ሰምና ወርቅ በፊልም ይሠራል?
(አንባቢ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ይሠራል፣ ግን ለማን እንደሚገባ መወሰን አለብዎት። በተለመደው «ተቀበል!» ሥርዓት ታዳሚው ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል። ዝና የናፈቀው ልጅ ከታዳሚ የተወረወረለትን ስንኝ ወርቁ ሳይገባው በሙሉ ስሜት ሲዘፍነው ቀልዱ በደንብ ይወጣል። ባንዱ ሊበተን ሲል የሚወረወር ስንኝ ለምሳሌ፦

ዝና ፈልገን መድረክ ላይ ታየን፣
ባንድ አቋቁመን ባንድ ተለያየን።

መጀመሪያው «ባንድ» የሙዚቃው ቡድን ነው፣ ሁለተኛው «በአንዴ» ማለት ነው። በጽሑፍ ላይ ቀላል ይመስላል፤ ሲዘፈን ግን ድምፃዊው ከመካከል ትንፋሽ ካልወሰደ ሁለቱ ይዋጣሉ። ካሜራው ዘፋኙ ላይ አይሁን። መጀመሪያ የገባው አንድ ሽማግሌ ይታይ፣ ከሱ አጠገብ ያለው፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ፣ መጨረሻ ልጁ፦ ሳቁን አድናቆት መስሎት እጅ ሲነሣ። ፊልሙ በውጭ አገር ቋንቋ ጽሑፍ የሚወጣለት ከሆነ ቃል በቃል አታስተርጉሙት። በዚያ ቋንቋ ሌላ የቃል ጨዋታ ይፈለግለት።

ጥያቄ፦ የታወቀ ዘፈን ከ30 ሰከንድ በታች ብንጠቀም ነጻ ነው ይባላል። እውነት ነው?
(ፕሮዲውሰር፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይደለም። እንዲህ የሚል ሕግ የለም። በአገራችን ጉዳዩን የሚገዛው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፣ በኋላ ማሻሻያ ተደርጎበታል። የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ስለዚህ «ባለቤቱ ሞቷል» የሚለውም መልስ አይሆንም፣ ወራሾች አሉ።

የድሮ ካሴት ሽፋን ካለዎት ያውጡትና ይመልከቱ፤ «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» ተብሎ ሦስት ስም ተጽፎበታል። መብቱም እንደዚያው የተከፋፈለ ነው፤ በዚያ ላይ የድምፃዊውና የአሳታሚው ይጨመራል። ተዋናይዎ ዘፈኑን እንደ አዲስ ከዘፈነው የድሮውን ቅጂ ስላልተጠቀሙ አሳታሚው ይቀራል፣ የግጥሙና የዜማው ባለቤቶች ግን አይቀሩም። «ሕዝብ» የሚል ዜማ ሲያዩም አይዝለሉት፤ ዜማው የሕዝብ ቢሆን ቅንብሩ የአንድ ሰው ሊሆን ይችላል።

ለፊልሙ አዲስ ዘፈን ካሠሩ ከገጣሚው፣ ከዜማ ደራሲው፣ ከአቀናባሪውና ከድምፃዊው ጋር ለየብቻ በጽሑፍ ይዋዋሉ። ሲኒማ፣ ቴሌቪዥን፣ ኢንተርኔት፣ ማስታወቂያ ቅንጫቢው፣ የትኛው አገር፣ ለስንት ዓመት የሚለው ሁሉ ይዘርዘር። አንድ ተደጋጋሚ አደጋ አለ፦ ድምፃዊው ዘፈኑን በአከፋፋይ በኩል ቀድሞ ዩቲዩብ ላይ ይለቀዋል፤ ኮንቴንት አይዲ የተባለው የዩቲዩብ ባለቤትነት መለያ ሥርዓት ዘፈኑን የአከፋፋዩ አድርጎ ይመዘግበዋል፤ ፊልሙ ሲጫን የፊልሙ ገቢ ወደዚያ ይዞራል። የእርስዎ ቻናል ከዚህ ነጻ እንዲደረግ አከፋፋዩን ቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ።

ከታክሲ ሬዲዮና ከጎረቤት ቡና ቤት የሚገባ ሙዚቃም ይኸው ጣጣ አለው። ከመብቱ ሌላ ንግግሩን መቁረጥ ያስቸግራል፣ በቆረጡ ቁጥር ሙዚቃው ይዘላል።

ጥያቄ፦ የምጽፈው በደርግ ዘመን ሆቴል ውስጥ ስለሚጫወት ባንድ ነው፤ መጨረሻ ላይ አሜሪካ ለዝግጅት መጥተው ከፊሎቹ ይቀራሉ። የእውነተኛ ባንድ ስም ልጠቀም?
(አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ስሙን አይጠቀሙ፣ ሁኔታውን ይጠቀሙ። የዋልያስ ባንድ የአዲስ አበባው ሒልተን ሆቴል ቋሚ ባንድ ነበር፤ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካን ሲዞር ከአባላቱ ከፊሉ እዚያው ቀሩ። የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ለዓመታት ታክሲ ነድቷል፣ ተሳፋሪ በሌለበት ሰዓት ኪቦርድ ይለማመድ እንደነበርም ራሱ ተናግሯል፤ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የድሮ ሥራዎቹ እንደገና ታትመው ወደ መድረክ ተመልሷል። ይህ በአደባባይ የታወቀ ታሪክ ነው። እርስዎ ግን ኮሜዲ ነው የሚጽፉት፤ ኮሜዲ ሰው ሲሞኝ ያሳያል፣ በሕይወት ያለን ሰው ደግሞ ያላደረገውን ሞኝነት ማልበስ ክርክር ያመጣል። አምስት የፈጠራ ሰዎች የተሻለ ነጻነት ይሰጡዎታል።

ከዘመኑ ለቀልድ የሚመቸው ሰዓት እላፊው ነው። ሰዓቱ ካለፈ ወደ ቤት መሄድ ስለማይቻል ታዳሚው እስኪነጋ እዚያው ያድራል፣ ባንዱም ይጫወታል። ዘፈን አልቆባቸው የመጀመሪያውን በሌላ ቅኝት ሲደግሙ፣ የሚጠላሉ ሁለት ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ አንድ ጠረጴዛ ሲጋሩ ይታይዎ።

ዕቃዎቹን ይጠንቀቁ። የብር ኖት በ1969 ዓ.ም. ተቀይሯል፤ አዝማሪው ግንባር ላይ የሚለጠፈው ብር የንጉሡ ምስል ያለበት ይሁን ወይስ የደርጉ፣ ትዕይንቱ በየት ዓመት እንደሆነ ይወስነዋል። ዛሬ ሳንቲም የሆነው አንድ ብር ያኔ ወረቀት ስለነበር ለመለጠፍ ይመቻል። ሸክላ በአንድ ገጹ አንድ ዘፈን የሚይዘው ትንሹ ነው፤ የ60 ደቂቃ ካሴት በአንድ ገጽ 30 ደቂቃ ነው። ልጆቹ የራሳቸውን ቅጂ ለአሳታሚ ሲያሰሙ የቴፑ ባትሪ ቢደክም ጥሩ ቀልድ ነው፦ በኤዲቲንግ ፍጥነቱን በ12 ሰከንድ ውስጥ ከ100 ወደ 85 በመቶ ያውርዱ፣ «የድምፅ ቅጥነት ጠብቅ» የሚለውን ያጥፉት። ዘፈኑ ወደ ሦስት ግማሽ ድምፅ ገደማ ይወርዳል፤ ድምፃዊቷ በዓይናችን ፊት ጎረምሳ ትሆናለች።

ጥያቄ፦ በዘጋቢ ፊልም መልክ ብንሠራውስ? ስክሪፕት መጻፍ አይቀርልንም?
(ሁለት ወንድማማቾች፣ ከደሴ)

መልስ፦ ንግግሩ ይቀርላችኋል፣ ዝግጅቱ ግን ይጨምራል። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዚስ ኢዝ ስፓይናል ታፕ» ንግግሩ በአብዛኛው በቦታው የተፈጠረ ነው፤ ነገር ግን ተዋንያኑ የባንዱን ዘፈኖች ራሳቸው ሠርተው ራሳቸው ይጫወቱ ነበር። ያ ከሌለ መፍጠሩ ወደ ወሬ ይለወጣል። ለእያንዳንዱ ትዕይንት ግማሽ ገጽ ጻፉ፦ ማን ምን ይፈልጋል፣ ምን ይደብቃል፣ በምን ያበቃል። ሁለት ካሜራ ያስፈልጋችኋል፤ ተናጋሪው አንድ ጊዜ ብቻ የሚለውን ሲል የሰሚው ፊት በዚያው ቅጽበት መያዝ አለበት፣ በሁለተኛው ቀረጻ ያ ፊት አይደገምም። ኤዲቲንጉን ከመደበኛው እጥፍ ጊዜ ስጡት።

ጥያቄ፦ ልጁ ማይክ በያዘ ቁጥር «ዊዊዊ» የሚል ድምፅ እናስገባለን። ዳይሬክተሩ አረጀ አለኝ።
(ሳውንድ ማን፣ ከመቐለ)

መልስ፦ አርጅቷል። ያ ጩኸት የሚመጣው ማይኩ የሞንታርቦውን ድምፅ መልሶ ሲሰማ ነው፤ ማይክ ስለተያዘ ብቻ አይመጣም። ምክንያቱን ያሳዩ፦ ልጁ እንደ ራፐሮቹ የማይኩን ጭንቅላት በመዳፉ ሲጨብጠው ማይኩ ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል፣ ጩኸቱም ይከተላል፤ ወይም እየደነሰ ከሞንታርቦው ፊት ሲደርስ። በአንዴ አይፍንዳ። በ2 እና በ4 ኪሎኸርዝ መካከል በአንድ ሰከንድ ውስጥ እያደገ ይምጣ፣ ሳውንድ ማኑ ወደ ሚክሰሩ ሲሮጥ ይታይ። በቀረጻው ላይ እውነተኛውን አያስጩኹ፣ የተዋንያኑ ጆሮ ነው፤ በኤዲቲንግ ይጨምሩት።

ጥያቄ፦ ፊልሙ አልቋል። ለሰው አሳየነው፣ ሳቁ። ግን አንዳንድ ቀልድ አልተሰማም።
(አንባቢ፣ ከጅማ)

መልስ፦ አልተሰማም ማለትዎ የፊተኛው ሳቅ ስለሸፈነው ይመስለናል። በሚቀጥለው ማሳያ ስልክዎን በአዳራሹ መካከል አስቀምጠው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፅ ይቅረጹ። ከዚያ ቅጂውን ኤዲቲንጉ ውስጥ ከፊልሙ ሥር ያንጥፉት። ሳቁ የሚነሣበትና የሚያልቅበት በዓይን ይታያል። ቀጣዩ ንግግር ሳቁ ውስጥ ከገባ ከአንድ እስከ ሁለት ሰከንድ ይጨምሩለት፤ ባዶ ሳይሆን የአንድ ሰው ፊት፣ የሚወድቅ የድራም ዱላ፣ ያልተረዳው ኪቦርዲስት። በስልክ ለብቻው የሚያይ ሰው ያንን ክፍተት ማሰልቸት እንዳይመስለው የሚሞላው ምስል ራሱ ትንሽ ማሳቅ አለበት። ማንም ያልሳቀበት ቦታ ላይ ግን ጊዜ አይጨምሩ፤ እዚያ የሚጨመር ነገር የለም፣ ይቁረጡት።